ለሰማይ አንድ ባልዲ ውሃ

...ከዚያ ሰብሳቢው ናራኦካ መነጽሩን ያወልቅና ተቃውሞ ያለው ሰው አለ ወይ ይላል፣ ማንም አይተነፍስም፣ እኔ ብድግ ብዬ ጎንበስ እላለሁ፣ አለቀ፣ የጦሩ ገንዘብ ለቤተ ሙከራዬ ይመጣል፣ ረዳቴ ሺራቶ ከሥራው አይወጣም፣ ሁሉም ወደ ምሳው ይሄዳል፣ በዚህ ውስጥ ምን የሚያስፈራ ነገር አለ፣ ምንም፣ ታዲያ እጄን ምን ነክቶት ነው ሽንኩርቱን እንዲህ የሚያወፍረው፣ አባዬ ወፍራም ሽንኩርት አይወድም፣ ከሾርባው እየለቀመ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድርልኛል፣ አይናገርም፣ ደርድሮ ያሳየኛል። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ፣ ፕሮፌሰር ኦሳናይ ሚጹዮ ተብዬ፣ በሽንኩርት እገሠጻለሁ። እሺ። ደቀቅ አድርጌ እንደገና።

ስልኩ ይጮሃል፣ የጥሪ ድምፅ አይደለም፣ ሌላ ነው፣ ቢላው ከእጄ ወደቀ፣ የእኔ ስልክ፣ የአባዬ ስልክ ከመኝታ ቤት፣ የጎረቤቴ የሳሳሞሪ ስልክ ከግድግዳው ማዶ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ከዚያ መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ፣ በሌላ ቀን ፖም እርሻው ውስጥ ድብ ታይቷልና ተጠንቀቁ የሚለን፣ የጠፉ አዛውንት የለበሱትን ሹራብ ቀለም የሚነግረን፣ ያቺው ሴትዮ በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ ሚሳኤል ተተኩሷል፣ ሚሳኤል ተተኩሷል፣ እባክዎ ጠንካራ ሕንፃ ውስጥ ወይም ከመሬት በታች ይጠለሉ። እባክዎ ትላለች። ጠንካራ ሕንፃ። ይሄ በረዶ በተጫነው ቁጥር የሚያቃስት የእንጨት ቤት ነው፣ ከመሬት በታች ያለን ደግሞ አባዬ በጨው ከድኖ የቀበረው ጎመን ብቻ ነው።

ጠረጴዛ ሥር ነኝ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ጉልበቴን አገጬ ላይ፣ እጄን ማጅራቴ ላይ፣ በልምምዱ ቀን እንዳሳዩን፣ ያን ቀን ስስቅ ነበር፣ ሳሳሞሪ ውሻዋን አቅፋ የሩዝ እርሻው ቦይ ውስጥ ስትንበረከክ፣ የቀበሌው ሰውዬ በፉጨት ጎንበስ ቀና ሲያደርገን፣ ይሄ ምን ይረዳል ብዬ ጮክ ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ምንም ከማድረግ ይሻላል ነበር ያለኝ። አሁን አልስቅም። አስቢ፣ ፊዚክስ ነው የተማርሽው፣ ከባሕሩ ማዶ እዚህ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፣ መልእክቱ እኛ ጋ ሲደርስ እሱ አናታችን ላይ ነው፣ ወይ አልፎናል፣ ወይ ደግሞ፣ ወይ ደግሞ የሚለውን አታስቢ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። የራሴን ጥርስ ድምፅ እሰማለሁ። አንድ ሰው ይምታው፣ እባካችሁ፣ የፈለጋችሁትን ውሰዱ፣ ቤተ ሙከራዬን፣ ሙቀት የሚያየውን ዳሳሼን፣ የተማርኩትን ሁሉ፣ ብቻ ከላያችን አንሱልን። ይሄን የምለምነው እኔ ነኝ። እንደማይመታ የማውቀው እኔ።

አውቃለሁ፣ ከሺራቶ ጋር ሠርተን አይተነዋል። የእኛ ዳሳሽ የተሠራው ለሰላም ነገር ነበር፣ በከዋክብት ዙሪያ ያለውን አቧራ ለማየት፣ በዚያ ሁሉ ቀዝቃዛ ጨለማ ውስጥ ትንሽ ሙቀት ያላትን ነገር ለይቶ ማየት ይችላል፣ ትንሽ ሙቀት ያላት ነገር ሲባል ደግሞ የጦር ሰዎች ጆሮ ይቆማል፣ የሚመጣውን ሚሳኤል ጠፈር ላይ ሊመታ ለሚወጣው ሚሳኤል ዓይን ይሆናላ። ያ ከቶኪዮ፣ ከመከላከያ ሚኒስቴር የመጣው ሰውዬ። ንጹሕ ሸሚዝ፣ የደከመ ዓይን፣ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ ሳይጠጣው ቀዘቀዘ። አስረዳሁት፣ ሚሳኤሉ በጠፈር ሲያልፍ ብቻውን አያልፍም፣ ላኪው ቂል ካልሆነ በቀር አጠገቡ ፊኛዎች ይለቃል፣ አየር በሌለበት ፊኛም ብረትም እኩል ይከንፋሉ፣ እኛ ጠፈርን በሚመስለው ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ አንድ ብረትና አንድ ፊኛ አንጠልጥለን ዳሳሹን ፈተንነው፣ የቱ የቱ እንደሆነ አያውቅም፣ ሳንቲም ብንወረውር ያው ነው፣ አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ፣ ለማሳያው ቀን ብረቱን ትንሽ ብናሞቀውስ አለኝ። ጠላት እኮ አያሞቅልንም አልኩት። ሳቀ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጁ አስም እንዳለበት ነግሮኛል፣ ፕሮፌሰር፣ አለኝ፣ ሕዝቡ ሌሊት መተኛት አለበት፣ ገንዘቡ ለዚያ ነው። እኔም ሻይ ልቀይርልዎ አልኩት። መልሴ እሱ ነበር። ሻይ።

ድምፅ ማጉያው ዝም አለ፣ ዝምታው ከጩኸቱ ይብሳል፣ ወፍ የለም፣ መኪና የለም፣ የአባዬ ሳል እንኳን።

አባዬ።

አባቴን ረስቼ ነው ጠረጴዛ ሥር የተወሸቅኩት። ሰማንያ አንድ ዓመት የሆነውን ሰው። አባዬ፣ አባዬ፣ መኝታ ቤት የለም፣ ብርድ ልብሱ ተገልጧል፣ መታጠቢያ ቤት የለም፣ የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጫማው እዚሁ ነው፣ በባዶ እግሩ ወጥቷል፣ እኔም በካልሲ እወጣለሁ፣ ሰማዩን አላይም፣ መሬት መሬት እያየሁ እሮጣለሁ፣ ካላየሁት የማያየኝ ይመስል።

የአጥሩ በር ላይ ቆሟል። በፒጃማ። ቀዩን ባልዲ በሁለት እጁ ደረቱ ድረስ አንስቶ ይዟል፣ ውሃው እየተንቦጫረቀ ሆዱን ያርሰዋል፣ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው።

ይሄን ባልዲ ዕድሜዬን ሙሉ አውቀዋለሁ፣ ባልዲው ይቀየራል፣ ቀለሙና ቦታው አይቀየርም፣ በየጧቱ የትናንቱን ውሃ ጎመኑ ላይ ይደፋና አዲስ ይሞላል፣ በረዶ ሲሆን በረዶውን ሰብሮ ይሞላል፣ ጎረቤት ሁሉ ይቀልድበታል፣ ስሙን ጠርተው፣ ቶኩዞ የእሳት አደጋ መኪናውን ሞላው ይላሉ፣ እሱም አብሮ ፈገግ ይላል። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልነገረኝም። የነገረችኝ ያሳደገችው አክስቱ ናት፣ ልትሞት ስትል። በጦርነቱ መጨረሻ፣ በሐምሌ፣ የአሜሪካ አውሮፕላኖች አኦሞሪ ከተማን ሊያቃጥሉ ነው ተብሎ ሰዉ ወደ ተራራው ሸሸ፣ ያኔ አዋጅ ተነገረ፣ በቀነ ገደቡ ያልተመለሰ የሩዝ ራሽኑ ይቆረጣል፣ ሁሉም ከሸሸ የከተማውን እሳት ማን ያጠፋል፣ ሰፈሩ ሁሉ እኮ ተሰልፎ ባልዲ መቀባበል ተለማምዷል፣ ሴቶቹ ባማረ ሰልፍ፣ በፉጨት። አያቴ አባዬን እህቷ ዘንድ ትታ ለሩዙ ብላ ተመለሰች። አውሮፕላኖቹ በዚያ ሰሞን መጡ። ከሰማይ የወረደው እሳት ውሃ ሲነካው የሚብስበት ዓይነት ነበር። አክስቱ እንደነገረችኝ የአያቴን አስከሬን የለዩት በእጇ ነው፣ የባልዲው እጀታ አልላቀቅ ብሎ። አባዬ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ብርሃኑን ከተራራው ላይ ሆኖ አይቷል፣ ያምራል ብሎ ነበር አሉ።

አባዬ ግባ። አይሰማኝም። አባዬ፣ አልፏል፣ ሄዷል፣ ና ግባ እንጂ። ክንዱን ይዤ ወደ ቤት እስበዋለሁ። አይሆንም ይላል። በእሱ ድምፅ አይደለም፣ በልጅ ድምፅ ነው።

እዚህ ካላገኙን ሩዙን ይቆርጡብናል።

እነማን አባዬ።

እነሱ ናቸዋ፣ ይላል፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ባልዲውን አልነጥቀውም። እጀታውን አብሬ እይዛለሁ። አብረን እንቆማለን፣ እኔ በእርጥብ ካልሲ፣ እሱ በባዶ እግሩ፣ ከጠፈር ለሚመጣ ነገር አንድ ባልዲ ውሃ ይዘን፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ እንደገና፣ ሚሳኤሉ አገራችንን አልፎ ውቅያኖስ ላይ ወድቋል ተብሎ ይገመታል፣ ይገመታል ትላለች፣ ወፎቹ ከየት እንደመጡ እንጃ መንጫጫት ይጀምራሉ፣ ሳሳሞሪ ውሻዋን ይዛ ከቦዩ ትወጣለች፣ ቀሚሷ ጭቃ በጭቃ፣ እንደምን አደራችሁ ትለናለች። እንደምን አደርሽ እንላታለን። አባዬ ባልዲውን ቦታው ላይ ያስቀምጣል፣ የፈሰሰውን ያህል ከቧንቧው ይሞላበታል፣ ገብቶም ሾርባውን ይበላል፣ ሽንኩርቱን እየለቀመ። ምንም እንዳልተፈጠረ። ምናልባትም ለእሱ ምንም አልተፈጠረም፣ ያው የቆየው ነገር ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄደው አውቶቡስ ሙሉ ነው፣ ሁሉም ስልኩን እያየ ነው፣ ማንም አይናገርም፣ ፊት ለፊቴ የቆመችው ተማሪ ማስካራዋ ባንድ ዓይኗ ብቻ ነው፣ ሌላውን ስትቀባ ነው ማንቂያው ያገኛት። ሩዙን ይቆርጡብናል። የት ነው የሰማሁት ይሄን፣ ዛሬ ብቻ አይደለም፣ በቅርቡ ነው፣ ደጋግሜ ነው። ወይ አምላኬ። በየቢሮው ነው የሰማሁት። እንደ ደንቡ ከስብሰባው በፊት በየፕሮፌሰሩ ቢሮ ዞሬያለሁ፣ የባቄላ ኬክ ይዤ፣ ጎንበስ እያልኩ፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ስብሰባ ላይ አይወሰንም፣ ስብሰባ ላይ ዝም ይባላል፣ የሚወሰነው በኬኩ ጊዜ ነው፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገር ሰው ሠርግ ላይ ሄዶ እንደ ማልቀስ ነው። እና ሁሉም ያንኑ ነበር ያሉኝ፣ በተማረ አፍ፣ መሠረታዊ በጀቱ በየዓመቱ እየተቀነሰ ነው፣ ያልተቀነሰ የጦሩ ቋት ብቻ ነው፣ በዚህ ዙር ካልገባን በሚቀጥለው አያስታውሱንም። ናራኦካ ትልቁን ቁራጭ እየቆረሰ፣ መምህራችን እኮ ከጦርነቱ በኋላ ለጦር አንሠራም ብለው ከማሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ፣ አለ፣ አጉረመረመ፣ ግን ይሄ መከላከያ ነው፣ ጦርነት አይደለም፣ ደግሞስ ይሄን ኬክ ከየት ነው የገዙት። አንዳቸውም ይሠራል ወይ ብለው አልጠየቁኝም። አንዳቸውም። ፊዚክስ የሚያስተምሩ ሰዎች። እነ አያቴን ባልዲ መቀባበል ያለማመዷቸው ሰዎችስ ውሃው ያንን እሳት እንደማያጠፋው ያውቁ ነበር? ማወቃቸው ለውጥ ያመጣ ነበር? ባልዲው ለእሳቱ አልነበረም፣ ሰው እንዳይሸሽ ነበር፣ ተሰልፎ እንዲቆም፣ ሌሊት እንዲተኛ።

አትቀልጂ። አንቺ ሴትዮ አትቀልጂ። ዛሬ ሁሉም ፈርቷል፣ ዛሬ ሚሳኤል አናታቸው ላይ አልፏል፣ ዛሬ ይሄ ነገር አይሠራም የሚል ሰው ከጠላት አይለይም፣ ይሄ አንድ፣ ደግሞ ሺራቶ፣ ሺራቶ፣ ሺራቶ። መጋቢት ላይ ኮንትራቱ ያልቃል፣ ያለዚህ ገንዘብ ላድሰው አልችልም፣ ሚስቱ ከወለደች ገና መንፈቅ ነው፣ ከአገሪቱ ደቡብ ጫፍ ከኪዩሹ ድረስ አምጥቼው ነው፣ እኔ ነኝ ና ያልኩት፣ ከእኛ መሐል ዳሳሹን እንደ እሱ የሚያውቀው የለም፣ ሌሊት ብድግ ብሎ ዳሳሹን የሚያቀዘቅዘውን ናይትሮጅን የሚሞላው እሱ ነው፣ የሰው እንጀራ እዘጋለሁ እንግዲህ፣ ለምን፣ ንጹሕ ሆኜ ልተኛ፣ እኔም ለመተኛት ማለት ነው። ዝም በይ። ጎንበስ በይና ዝም በይ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ኖሯል።

ኮሪደሩ ላይ ነው የሚጠብቀኝ። ከረቫት አስሯል፣ ሺራቶ ከረቫት ሲያስር ለሁለተኛ ጊዜ ማየቴ ነው፣ ለሥራ ፈተና የመጣ ቀን አንዱ፣ ዛሬ ሌላው። ዓይኑ ቀልቷል። ደኅና ናችሁ ወይ እለዋለሁ፣ ሕፃኗስ። ደኅና ነን ይላል፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ነበርን፣ ሦስታችንም፣ እኔ በላያቸው ላይ ተኝቼ፣ ሕፃኗ ጨዋታ መስሏት ስትስቅ ነበር። ይስቃል፣ ሳቁ መሐል ላይ ይቆማል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፕሮፌሰር፣ ይላል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እኔ የሳጥኑን ውጤት አውቃለሁ፣ አውቃለሁ ግን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያያሉ፣ እኛ የምንሠራው ነገር አንድ ቀን ያንን ይመታዋል?

ይመታዋል ይበሉኝና ዕድሜዬን ሙሉ እሠራዋለሁ።

ስብሰባው ደርሷል እለዋለሁ። ይሄን ነው የምለው። ስብሰባው ደርሷል፣ ያን ቀን የቶኪዮውን ሰውዬ ሻይ ልቀይርልዎ እንዳልኩት። እሱም ጎንበስ ብሎ በሩን ይከፍትልኛል።

ክፍሉ ይሞቃል፣ መስኮት አይከፈትም፣ ረጅሙ ጠረጴዛ፣ በየሰዉ ፊት አረንጓዴ ሻይ፣ ሁሉም ስለ ጧቱ ያወራል፣ የእኔ ልጅ አልጋ ሥር፣ የእኔ ሚስት አልሰማችም ተኝታ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሻዩን ግን ማንም አይጠጣውም። ወጣቶቹ ግድግዳው ሥር በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ናቸው፣ መናገር አይፈቀድላቸውም፣ ሺራቶ ከበሩ ሦስተኛው። አላየውም። ናራኦካ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ በዛሬው ጧት ሁላችንም የዚህን ምርምር አስፈላጊነት በገዛ ቆዳችን አውቀናል ይላል፣ ራሶች ይነቀነቃሉ፣ እውነቱን ነው፣ በገዛ ቆዳዬ አውቄዋለሁ፣ ጠረጴዛ ሥር ሆኜ ለምኛለሁ፣ ያኔ አንድ ሰው ወረቀት ቢያቀርብልኝ ዓይኔን ጨፍኜ እፈርም ነበር፣ እንዲህ ነው የሚፈረመው፣ ከጠረጴዛ ሥር ሆኖ ነው የሚፈረመው፣ ሁላችንም አሁን ከጠረጴዛ በላይ የተቀመጥን እንመስላለን እንጂ።

መነጽሩን ያወልቃል። ይወለውለዋል። ና፣ በል፣ ጨርሰው።

ተቃውሞ ያለው ሰው አለ?

ዝም። ሰዓቱ ይሰማል። እንደ ደንቡ ሦስት ትንፋሽ ያህል ይጠበቃል፣ ከዚያ እንግዲህ ይላል፣ ከዚያ እኔ ብድግ ብዬ ጎንበስ፣ አንድ፣ አባዬ አሁን ምን እያደረገ ይሆን፣ በሩን ቆልፌያለሁ፣ ባልዲው ጋ መውጣት አይችልም፣ ለምን ቆለፍኩበት፣ ሲፈራስ የት ይሂድ፣ ሁለት፣ አያቴ ሰልፉ ላይ አጠገቧ ለቆመችው ሴት አንድ ቃል ብትል ኖሮ፣ ይሄ ውሃ ነው፣ ያ እሳት ነው፣ ልጆቻችንን ይዘን እንሂድ ብትል፣ ምናልባት እሷም አውቃ ነበር፣ ምናልባት ሁሉም አውቀው ነበር፣ ሁሉም አውቀው አንዷ እስክትናገር እየጠበቁ፣ እንግዲህ፣ ይላል ናራኦካ፣ እንግ

ተቃውሞ አለኝ።

ማነው ያለው። እኔ ነኝ። ቆሜያለሁ፣ ግን ጎንበስ አላልኩም፣ ጉልበቴ ጠረጴዛውን መታው መሰለኝ የጎረቤቴ ሻይ ፈሷል፣ ማንም አይጠርገውም፣ ሁሉም የፈሰሰውን ሻይ ነው የሚያየው፣ ፊቴን ላለማየት። ናራኦካ መነጽሩን መልሶ ያደርጋል። ቀስ ብሎ፣ ታምሜ እንደሆነ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ፕሮፌሰር ኦሳናይ፣ ይላል፣ የገንዘብ ጥያቄው እኮ የእርስዎ ነው።

አዎ፣ የእኔ ነው።

ታዲያ ምኑን ነው የሚቃወሙት?

ምኑን። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ አልነበረም፣ ምንም አላዘጋጀሁም፣ ስለ ፊኛው ልናገር፣ ስለ ብረቱ ማሞቅ፣ ስለ ሐምሌው፣ ፍርሃቱ ጧት ጠረጴዛ ሥር ከነበረው ይብሳል፣ ያኛው ቢያንስ አልፎ ውቅያኖስ ላይ ወድቋል፣ ይሄ አያልፍም፣ ይሄ መጋቢት ይመጣል፣ ይሄ ገንዳ ውስጥ ስትስቅ የነበረችውን ሕፃን ስም ያውቃል። ለናራኦካ መመለስ ነበረብኝ። ግን ቀድሞ የጠየቀኝ እሱ አይደለም። ጀርባዬን ለጠረጴዛው እሰጣለሁ፣ ይሄም አይደረግም፣ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ፣ ከበሩ ሦስተኛው ወንበር፣ ከረቫቱ ጠሟል፣ አንገቱን ደፍቷል።

ሺራቶ፣ እላለሁ። አይመታውም።

ቀና ብሎ ያየኛል። እፈራለሁ። ዓይኔን ግን ከእሱ ላይ አላነሳም።